«ከሰሉን አውጡት!»፦ በበረዶ ውሽንፍር ወቅት በቤትና በመንገድ ራስን ስለ መጠበቅ

መግቢያ

ርዕሱን ስታዩ «በረዶ የት አለና ነው?» ብላችሁ መጠየቃችሁ አይቀርም። እውነት ነው፤ እኛ ክረምት የምንለው ከሰኔ እስከ መስከረም ያለውን የዝናብ ወቅት ነው። በረዶ ስንልም ቶሎ ትዝ የሚለን ከዝናብ ጋር ወርዶ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር ነው። ነገር ግን ከመካከላችን በሰሜን አሜሪካ ወንድም፣ እህት፣ አክስት ወይም የሰፈር ልጅ የሌለው ስንቱ ነው? እነሱ ክረምት የሚሉት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለውን ጊዜ ነው፤ በዚያ ወቅት የሚመጣው ውሽንፍር ደግሞ ሰው ይገድላል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ አንድ የስልክ ጥሪ ነው። የካቲት 8 ቀን 2013 ዓ.ም. ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ በአሜሪካ፣ በዳላስ ከተማ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወለች። እዚያ እኩለ ቀን ነበር። መብራት ከሌሊት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ቤቱ የሚሞቀው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ክፍሉ እንደ ፍሪጅ ሆኗል፤ የሰባት ወር ልጇ ታለቅሳለች። እናቴ ስልኩን ተቀብላ «ምነው ልጄ፣ ከሰል የለሽም እንዴ? ትንሽ ከሰል አያይዢና በሩን ግጥም አድርገሽ ዝጊ፤ ልጅቷን ብርድ እንዳይመታት» አለቻት። እህቴ በረንዳዋ ላይ ሥጋ የሚጠብሱበት ማንደጃና ግማሽ ከረጢት ከሰል ነበራት።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ስታደርገው የኖረችውን ነው የመከረቻት። እኔ ግን አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ያኔ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ከሰል በቂ ኦክስጅን ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም ጋዝ እንደሚወጣው በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይም መጥቶ መልሼዋለሁ። ነገር ግን የፈተናው ጥያቄና የእህቴ ከሰል አንድ መሆናቸው በጭራሽ አልመጣልኝም። ዝም አልኩ።

የተፈጠረውን የሰማነው በማግስቱ ነው። እህቴና ባለቤቷ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለው፣ ጭሱ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ወደ ሳሎን አስገቡት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ኮርኒሱ ላይ ያለው የጋዝ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ባለቤቷ ባትሪው ያለቀ መስሎት አውርዶ ሊነቅለው ሲታገል፣ ድምፁን የሰማ የታችኛው ቤት ጎረቤታቸው፣ እሱም የአገራችን ሰው፣ መጥቶ በሩን ደበደበና «ከሰሉን አውጡት! ልጅቷን ይዛችሁ ውጡ!» ብሎ ጮኸ። እህቴን ራሷን ይፈልጣት ነበር፤ ልጅቷም አስመልሷት ነበር። ሁለቱም ነገር ከብርዱ መስሏቸው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም ተርፈዋል።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በበረዶ ውሽንፍር ጊዜ ሰው በቤቱና በመንገድ ላይ የሚጎዳው በምን እንደሆነ፣ ምንስ ማድረግ እንዳለበት በሰሜን አሜሪካ የደረሱ ሦስት አጋጣሚዎችን እያነሳ ለማሳየት ይሞክራል። ዋናው ሐሳቤም ይህ ነው፦ በውሽንፍር ጊዜ ከሚጠፋው ሕይወት ብዙው የሚጠፋው ሰው ሙቀት ሲያጣ ወይም ሙቀት ሲፈልግና ቤቱ ለመድረስ ሲቸኩል በሚሠራው ስህተት ነው። ስህተቱን ለማስቀረት ደግሞ ከውሽንፍሩ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

1. የበረዶ ውሽንፍር ምንድን ነው?

በአማርኛ «በረዶ» የምንለው ቃል ብዙ ነገር ይሸከማል። ከሰማይ እንደ ባዘቶ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም፣ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ መሬት ላይ እንደ መስታወት የሚጋገረውም ውኃ ሁሉም በረዶ ነው። ለአደጋ መከላከል ግን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው እንደ ባዘቶ የሚወርደው ነው። እሱ ብቻውን መንገድ ይዘጋል፤ ከኃይለኛ ነፋስ ጋር ሲሆን ደግሞ ዓይን ይጋርዳል። የአሜሪካ የአየር ሁኔታ አገልግሎት «ብሊዛርድ» ብሎ የሚጠራው የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በሚበነው በረዶ ምክንያት ከ400 ሜትር በላይ ማየት ሳይቻል፣ ይህም ቢያንስ ለሦስት ሰዓት ሲቀጥል ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ «የበረዶ ውሽንፍር» ስል በዋናነት ይህንን፣ ሰፋ ሲልም ከዚህ በታች ያሉትን ጨምሬ ነው።

ሁለተኛው የሚቀዘቅዝ ዝናብ ነው። ከላይ ሞቅ ያለ አየር፣ ከታች ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች የሆነ አየር ሲኖር ዝናቡ ፈሳሽ ሆኖ ይወርድና መንገዱን፣ ዛፉን፣ የመብራት ሽቦውን እንደነካ ወዲያው ይጋገራል። አስፋልቱ ላይ ስስና የማይታይ ሽፋን ስለሚሆን ሾፌሩ እርጥብ መንገድ ብቻ ይመስለዋል። በዚያ አገር ሰዎች «ጥቁር በረዶ» ይሉታል፤ ጥቁር የሆነው በረዶው ሳይሆን በውስጡ የሚታየው አስፋልት ነው።

ሦስተኛው ቅዝቃዜው ራሱና ነፋሱ ነው። ነፋስ በሰውነታችን ዙሪያ ያለውን ሞቃት አየር እየገፈፈ ስለሚወስድ ብርዱ ቴርሞሜትሩ ከሚያሳየው በላይ ይሰማናል። ለምሳሌ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ ገላ ላይ የሚሰማው ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ያህል ነው። በደብረ ብርሃን አካባቢ ያደገ ሰው የውርጭን ጠባይ ያውቃል፤ ይህ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ የከፋ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ለአዲስ መጪዎች የሚጠቅም ነገር ልጨምር። በዚያ አገር ትንበያ ሲነገር «ዎች» እና «ዋርኒንግ» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ። «ዎች» ማለት በሚቀጥሉት ቀናት አደገኛ ሁኔታ ሊመጣ ይችላል፣ ተዘጋጁ ማለት ነው። «ዋርኒንግ» ማለት ደግሞ ሊደርስ ነው ወይም ደርሷል፣ እርምጃ ውሰዱ ማለት ነው። ገበያ የሚወጣውና ነዳጅ የሚቀዳው በመጀመሪያው ነው። በሁለተኛው ቤት ይዘጋል።

2. በቤት ውስጥ

2.1 የቴክሳስ አጋጣሚ

ቴክሳስ በሙቀቷ እንጂ በብርዷ አትታወቅም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 አጋማሽ ግን ከአርክቲክ የመጣ ቀዝቃዛ አየር ግዛቷን በሙሉ ሸፈናት። እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን በዳላስ አካባቢ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 19 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። የጋዝ ጉድጓዶችና ቧንቧዎች ቀዘቀዙ፤ ለብርድ ያልተዘጋጁ የኃይል ማመንጫዎች ቆሙ። ጋዙን የሚገፉት አንዳንዶቹ መሣሪያዎች የሚሠሩት በኤሌክትሪክ ስለነበር መብራቱ ሲቋረጥ ጋዙም ይበልጥ ቀነሰ፤ ጋዙ ሲቀንስ መብራቱ ይበልጥ ጠፋ። በተጨማሪም የቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብ በአብዛኛው ከሌሎቹ የአሜሪካ መረቦች የተነጠለ ስለሆነ ከውጭ መበደር የሚቻለው ጥቂት ብቻ ነበር። ከ4.5 ሚሊዮን በላይ ቤቶችና የንግድ ተቋማት ጨለማ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ በዚያው ዓመት ግዛቷ ማመንጫዎች ለብርድ እንዲዘጋጁ የሚያስገድድ ሕግ አወጣች።

የግዛቷ የጤና መሥሪያ ቤት ባወጣው የመጨረሻ ሪፖርት መሠረት በዚያ ውሽንፍር ምክንያት 246 ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ 161ዱ በቀጥታ በብርድ፣ 25ቱ የነበረባቸው ሕመም ተባብሶ፣ 22ቱ በመኪና አደጋ፣ 19ኙ በካርቦን ሞኖክሳይድ፣ 10ሩ በእሳት፣ 9ኙ ደግሞ በመውደቅ ነው። እስቲ ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። አብዛኞቹን የገደለው ብርድ ነው። ነገር ግን 29 ሰዎችን የገደለው ብርድን ለማባረር የተለኮሰ ነገር ወይም እሳት ነው። እህቴና ልጇ ከ19ኙ ጋር ሊቆጠሩ ትንሽ ነበር የቀራቸው።

2.2 የማይታየው ጋዝ

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። ስንተነፍሰው በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ የመጣበቅ ኃይሉም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ይታፈናል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ከዚያም መደናገርና ራስን መሳት ናቸው። ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ስለሚመስል ሰው ይተኛል፤ የተኛ ሰው ደግሞ ላይነቃ ይችላል።

በእኛ ዘንድ «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለውም» የሚል እምነት አለ። ይህ ስህተት ነው። የሚታየው ጭስ ሲያልቅ የማይታየው ጋዝ አያልቅም፤ ቀዩ ፍምም ያመነጨዋል። ጭሱ የሚያደርግልን ነገር ቢኖር ዓይናችንን አቃጥሎ በር እንድንከፍት ማስገደዱ ነው። እሱ ሲያልቅ አስጠንቃቂያችን ነው የሚያልቀው።

ስለዚህ የሚከተሉት ደንቦች ያለ ድርድር መጠበቅ አለባቸው።

ሀ) ከሰል፣ የሥጋ መጥበሻ ማንደጃ፣ ለካምፕ የሚሆን የጋዝ ምድጃ ቤት ውስጥ አይለኮስም። መስኮት ገርበብ ማድረግ መፍትሔ አይሆንም።

ለ) ጀነሬተር ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ ከበርና ከመስኮት ተመልሶ ይቀመጣል። በረንዳ ላይም አይሆንም።

ሐ) ከቤት ጋር በተያያዘ የመኪና ክፍል ውስጥ ሞተር አስነስቶ መሞቅ ክልክል ነው። (እኛ ጋራዥ የምንለው መኪና የሚጠገንበትን ነው፤ እዚያ ግን ጋራዥ የቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ በሩም በቀጥታ ወደ ሳሎን የሚያስገባ ሊሆን ይችላል።) የውጭው በር ቢከፈትም ጋዙ ወደ ቤት ይገባል።

መ) የምግብ ማብሰያ ኦቭን ከፍቶ ክፍል ማሞቅ አይገባም።

ሠ) የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ በመኝታ ክፍል አቅራቢያ ይኑር፤ ባትሪው ይታይ። ሲጮህ መጀመሪያ መውጣት፣ ከዚያ ወደ 911 መደወል ነው እንጂ መሣሪያውን መጠራጠር አይደለም።

2.3 ታዲያ በምን እንሙቅ?

ከልክሎ ዝም ማለት ምክር አይሆንም። መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ዘዴ ቤቱን ማሳነስ ነው። ሁሉም ቤተሰብ በአንድ ትንሽ ክፍል ይሰብሰብ። መስኮቱ በመጋረጃና በብርድ ልብስ ይሸፈን፤ የበሩ ሥር በፎጣ ይወተፍ። የሚነድ ነገር እስከሌለ ድረስ ይህ አደጋ የለውም። የእህቴ ቤተሰብ ከዚያ ሁሉ በኋላ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ክፍሉን አናፍሰው፣ ከጎረቤታቸው ጋር ሰባት ሰው በአንድ መኝታ ክፍል፣ ያለውን ጋቢና ብርድ ልብስ ሁሉ ደርበው አደሩ።

ሁለተኛው መደራረብ ነው። አንድ ወፍራም ልብስ ከመልበስ ሦስት ስስ ልብስ መደረብ ይሻላል፤ የሚያሞቀው በልብሶቹ መካከል የሚያዘው አየር ነው። ጥጥ ከረጠበ ብርድ ያስገባል፤ ሱፍ ግን ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። የመንዝ ሰው በርኖስና ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሦስተኛው መብላትና ትኩስ መጠጣት ነው። እዚህ ላይ «አረቄ ያሞቃል» የሚለውን ማንሳት ግድ ይላል። አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ የመሞቅ ስሜት ይሰጣል፤ በተግባር ግን ከሆድ ዕቃ ያለው ሙቀት ወደ ቆዳ ወጥቶ እንዲባክን ያደርጋል። የሚያንቀጠቅጠውም ሰው ማንቀጥቀጡ ይቀንስበታል፤ ማንቀጥቀጥ ደግሞ ሰውነት ሙቀት የሚያመነጭበት መንገድ ነው።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ምልክቱ መንቀጥቀጥ፣ መንተባተብ፣ መደናገርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ነው። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ድንገት ማንቀጥቀጡን ቢተው «ሞቀው» ብላችሁ እንዳትደሰቱ፤ ሁኔታው ከፍቷል ማለት ነው። እርጥብ ልብሱን አውልቆ፣ በደረቅ ልብስ ጠቅልሎ፣ መጀመሪያ ደረቱንና ሆዱን ማሞቅና ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። ጣት፣ አፍንጫ ወይም ጆሮ በብርድ ደንዝዞ ቢነጣ ማሸት አይገባም፤ እሳት ላይ ማሞቅም አይገባም፣ ስለደነዘዘ ሲቃጠል አይሰማውም።

ሕፃናትና አረጋውያን ከሁሉ ቀድመው ይጎዳሉ። ሽማግሌ ብርዱ ቶሎ አይሰማውም፤ ሕፃን ደግሞ ቢሰማውም መናገር አይችልም። ብቻውን የሚኖር ጎረቤት ካለ በር ማንኳኳት ትልቅ ሥራ ነው።

የቀረው ከውሽንፍሩ በፊት የሚዘጋጀው ነው፦ ሳይበስል የሚበላ ምግብ፣ የመጠጥ ውኃ፣ የሕፃን ወተት፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ የእጅ ባትሪ (ሻማ እሳት ያስነሳል)፣ የተሞላ ስልክ። የቧንቧ ውኃ ሲጋገር ስለሚሰፋ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ቧንቧውን በትንሹ እንዲያንጠባጥብ መተውና ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ማወቅ ይገባል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለው ሰው ደግሞ ከመጋረጃና ከአልጋ ቢያንስ አንድ ሜትር ያርቀው። በረዶ በአካፋ መጥረግ ለልብ ከባድ ሥራ ነው፤ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ለሌላ ይተወው።

3. በመንገድ ላይ

3.1 ድልድዩ ቀድሞ ይቀዘቅዛል

ከቴክሳሱ የመብራት መጥፋት አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 11 ቀን 2021 ማለዳ፣ በዚያው ግዛት በፎርት ወርዝ ከተማ 133 መኪናዎች እርስ በርስ ተጋጭተው 6 ሰዎች ሞቱ። ምክንያቱ የሚቀዘቅዝ ዝናብ ነበር። የተጋጩበት መንገድ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። ይህ ለጂኦግራፊ ተማሪ ግልጽ መሆን አለበት፦ መሬት ላይ ያለ አስፋልት ከሥሩ የአፈር ሙቀት ያገኛል፤ ድልድይ ግን ከላይም ከታችም ቀዝቃዛ አየር ያገኘዋል። ስለዚህ ሌላው መንገድ ገና እርጥብ ብቻ ሳለ ድልድዩ ቀድሞ ይጋገራል። ሾፌሩ ደህና ሲነዳ ቆይቶ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ፍሬን የለውም።

በተጋገረ መንገድ ላይ መኪና ለመቆም የሚፈልገው ርቀት በደረቅ መንገድ ከሚፈልገው እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። መፍትሔው ፍጥነት መቀነስና ከፊት ካለው መኪና መራቅ ነው። ባለ አራት ጎማ ድራይቭ መኪና ለመነሳት ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል። መኪናው ከተንሸራተተ ፍሬን ረግጦ ከመድረቅ ይልቅ እግርን ከነዳጅ አንስቶ፣ መሪውን መሄድ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ በቀስታ ማዞር ይገባል።

3.2 በመንገድ ላይ ማደር

ሁለተኛው አጋጣሚ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2022 በቨርጂኒያ በረዶ ወርዶ ከባድ መኪናዎች መንገዱን ዘጉት፤ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ መኪናዎች ቆመው አደሩ። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ራሳቸው ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ 27 ሰዓት በመንገድ ላይ ቆይተዋል። ዝናብ ቀድሞ በረዶው ስለተከተለ ጨው አስቀድሞ መርጨት አልተቻለም፤ ዝናቡ ያጥበው ነበርና። ደስ የሚለው በዚያ ሁሉ መቆም ሞት አልተሰማም። አንድ የዳቦ መጫኛ መኪና እዚያው ቆሞ ስለነበር የተራቡ መንገደኞች ለድርጅቱ ደውለው፣ ሾፌሩ መኪናውን ከፍቶ ለተቸገረው ሁሉ ዳቦ አደለ።

ሁልጊዜ ግን የዳቦ መኪና አይገኝም። ስለዚህ በክረምት መንገድ የሚወጣ ሰው ነዳጁ ከግማሽ ታንክ እንዳይወርድ ያድርግ፤ ብርድ ልብስ፣ ውኃ፣ ደረቅ ምግብ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስልክ ቻርጀር፣ አካፋና ከጎማ ሥር የሚበተን አሸዋ ይያዝ። የሚሄድበትንና የሚደርስበትን ሰዓት ለአንድ ሰው ይንገር።

በመንገድ ላይ ቢቀር ደንቡ አንድ ነው፦ ከመኪናው አይወጣም። በውሽንፍር ውስጥ መቶ ሜትር ርቆ ያለ ቤት አይታይም፤ የወጣ ሰው ወደ መኪናው መመለሻውም ይጠፋዋል። ሞተሩን በየሰዓቱ ለ10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነስቶ መሞቅ ይቻላል። ነገር ግን ከማስነሳቱ በፊት የጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ማየት የግድ ነው። ከተደፈነ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል። አንድ መስኮትም በትንሹ ይከፈት። እጅና እግርን ማንቀሳቀስ፣ ቀይ ጨርቅ አንቴናው ወይም በሩ ላይ ማሰር ይጠቅማል።

3.3 ያለመውጣት ጥበብ

ሦስተኛው አጋጣሚ የቡፋሎ ከተማ ነው። ቡፋሎ በኒውዮርክ ግዛት የኢሪ ሐይቅ ዳር ያለች፣ በረዶን በደንብ የምታውቅ ከተማ ናት። ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 23 ቀን 2022 ጀምሮ በወረደው ውሽንፍር በአካባቢው ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ሜትር በላይ በረዶ ወረደ። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ራሳቸው በረዶ ውስጥ ተቀረቀሩ። ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ፣ በመንገድ ላይ፣ ሙቀት በሌለው ቤታቸውና እርዳታ ሲጠብቁ ሞቱ። የመኪና እንቅስቃሴ እገዳው የታወጀው በዚያው ዕለት ጠዋት፣ ብዙ ሰው ለሥራ ከወጣ በኋላ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ልምድ ብቻውን እንደማያድን ነው። «እኔ በረዶ ለምጃለሁ» ያለ ሰው ወጥቷል። የገና ዋዜማ ስለነበር ቤት ለመድረስ የተቻኮለም አለ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የፈሰሰው የማይለቀም ነው። እዚያው ደግሞ አንድ መኪና ጠጋኝ የአንድ ትምህርት ቤት መስኮት ሰብሮ ከ20 በላይ ሰዎችን አስጠልሎ አሳደረና «ይቅርታ አድርጉልኝ» የሚል ማስታወሻ ትቶ ሄደ። የተዘጋ በርን ማክበር ጥሩ ነው፤ ሕይወት ስትጠይቅ ግን መስኮት ይተካል።

የእኛ ሰዎች በዚያ አገር በታክሲ፣ በሆስፒታል፣ በመኪና ማቆሚያና በጭነት መኪና ሥራ ላይ በብዛት ይገኛሉ። «ዛሬ አልመጣም» ማለት ለእነሱ የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው። ይህን ሳላስብ «አትውጡ» ማለት ይቀለኛል። ቢሆንም ትንበያው ሁለትና ሦስት ቀን ቀድሞ ስለሚነገር ፈረቃ መቀያየር፣ አለቃን አስቀድሞ ማነጋገር፣ በሥራ ቦታ ማደር የሚቻል ከሆነ ልብስ ይዞ መሄድ ይቻላል። ውሳኔው ቀድሞ ካልተወሰነ ጠዋት በሩ ላይ የሚወስነው ችኮላ ነው።

4. ለእኛስ ምን ይጠቅመናል?

እናቴ ያደገችው በጭቃና በእንጨት በተሠራ ቤት ነው። በዚያ ቤት በበሩ ሥር፣ በጣሪያውና በግድግዳው መጋጠሚያ ነፋስ ይገባል። ከሰሉ ብዙ ጊዜ ያልገደላት ቤቱ ስለሚተነፍስ ነበር እንጂ ከሰሉ ደግ ስለሆነ አልነበረም። የዳላሱ ቤት ግን ሙቀት እንዳይወጣ ተብሎ የታሸገ ነው። ምክሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በስልክ ሲሻገር ገዳይ የሆነው በዚህ ነው።

አሁን ግን እኛም ቤት እየቀየርን ነው። ኮንዶሚኒየም መስኮቱ በመስታወት፣ በሩ በብረት የሚገጥም ቤት ነው። በሐምሌ ዝናብና በታኅሣሥ ብርድ ቡና የተፈላበትን ከሰል «ክፍሉን ያሙቅልን» ብሎ መኝታ ቤት አስገብቶ መተኛት በከተሞቻችን ሰው እየገደለ ያለ ነገር ነው። ለዚህ በረዶ አያስፈልገውም። የጣርማ በርን ጉም ያየ ሾፌርም ከፊት ያለው ሳይታይ መንዳት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ፍጥነት መቀነስና ርቀት መጠበቅ እዚያም የሚሠራ ደንብ ነው።

ውጭ ያለ ዘመዳችሁ በውሽንፍር ጊዜ ቢደውል ከመምከራችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር አለ? የጋዝ ማስጠንቀቂያው ይሠራል? ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው ሰው አለ? ሁላችሁም በአንድ ክፍል ናችሁ? ነገ መንገድ ልትወጡ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «አዎ» ከሆነ የሚቀጥለው ቃላችሁ «ከሰሉን አውጡት» ይሁን።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ የበረዶ ውሽንፍር በቤትና በመንገድ የሚያደርሰውን አደጋ ከቴክሳስ፣ ከቨርጂኒያና ከቡፋሎ አጋጣሚዎች ጋር ለማሳየት ሞክሬያለሁ። በቤት ውስጥ ዋናው ነገር ያለ እሳት መሞቅን ማወቅ ነው፤ በመንገድ ላይ ዋናው ነገር አለመውጣት፣ ከወጡም ከመኪናው አለመውረድ ነው። ሁለቱም ከውሽንፍሩ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ ሌላም ትምህርት አለው። እኔ በዚያ ምሽት ትክክለኛውን መልስ አውቀው ነበር፤ ያወቅኩት ግን ለፈተና ብቻ ነበር። እናት ስትናገር ልጅ ዝም ማለቱ ጨዋነት ነው ብዬ አድጌያለሁ፤ አሁንም እናቴን አከብራታለሁ። ነገር ግን «እማዬ፣ ይቅርታ፣ ይሄ ከሰል ይገድላል» ማለት አለማክበር አይደለም። እናቴ ራሷ ዛሬ በኮንዶሚኒየም ቤታችን ቡና ስታፈላ የበረንዳውን በር ትከፍታለች፤ ሦስተኛው ሲጠጣ ማንደጃውን ራሷ ተሸክማ ታወጣዋለች። ጎረቤት «ብርድ ነው እኮ፣ ተይው» ሲላት «የልጅ ልጄን ሊገድልብኝ ነበር» ትላለች። በክፍል የተማርነውን ነገር ከደብተር አውጥተን ለቤተሰባችን እናድርስ እላለሁ።